ፎቶው የሸይኹ፣ ስልኩ የሌባው

የረመዷን አሥራ ሰባተኛ ቀን ነበር። ከዙህር ሶላት ስንወጣ አንዲት እናት በመስጂዳችን በር አጠገብ ቆመው ጠበቁን። ጉሊት ላይ ሽንኩርትና በርበሬ እየሸጡ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ናቸው፤ በሰፈሩ የማያውቃቸው የለም። ‹‹ሸኽዬ፣ ያ የላክሁት ደረሰዎት?›› አሉን። ምን እንደላኩ ስንጠይቃቸው ፈገግ አሉ፤ የምንቀልድ መስሏቸዋል። ለካ የሰባት ነፍስ ዘካተል ፊጥር ብለው 2,000 ብር ገደማ በቴሌብር ልከዋል። ‹‹እርስዎ አይደሉ እንዴ ለየቲሞቹ ቶሎ አድርሱ ያሉት?››

ስልካቸውን ተቀብለን አየን። ፎቶው የኛ ነው፤ አምና በዒድ ቀን ሚንበር ላይ ሳለን የተነሣ። ስሙም የኛ ነው፤ አንዲት ፊደል ብቻ ሁለት ጊዜ ተጽፋለች። መልእክቱ በሰላምታ ይጀምራል፣ ስለ ሰደቃ የሚናገር የቁርኣን አንቀጽ ያስከትላል፣ ከዚያ የስልክ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩን አናውቀውም። ገንዘቡ ሊላክ ሲል የተቀባዩ ስም ስልኩ ላይ ወጥቶ ነበር፤ የልጅ ልጃቸውም የሌላ ሰው ስም መሆኑን አይቶ ‹‹የመስጂዱ ገንዘብ ያዥ ይሆናል›› ብሎ አለፈው። መልእክቱን እኛ እንዳልላክን ስንነግራቸው እኒያ እናት መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ብራቸው አልነበረም። ‹‹ታዲያ ልጆቹ ምን በሉ?›› ነው ያሉት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሌሎች ኢማሞችንና ኡስታዞችን ስንጠይቅ፣ በስሙ የተከፈተ የቴሌግራም ወይም የፌስቡክ ገጽ አግኝቶ የማያውቅ ሰው ማግኘት ቸገረን። አንዳንዱ በስሙ ፈትዋ ሲሰጥበት ከርሟል። የአንዱ ደግሞ የራሱ አካውንት ተወስዶበታል። ‹‹በስሕተት ወደ አንተ የተላከ ቁጥር አለ፣ መልሰህ ላክልኝ›› የሚል መልእክት ከወዳጁ ስልክ ይደርሰዋል፤ የወዳጁ አካውንት ግን ከአንድ ቀን በፊት ተሰርቋል። እሱም በቅንነት ቁጥሩን ሲልክ የገዛ አካውንቱን ቁልፍ አስረከበ። ከዚያ ሌባው በሱ ስም ለወንድሞቹ፣ ለደረሶቹ፣ ለጎረቤቶቹ ‹‹ሆስፒታል ነኝ፣ ለነገ የምመልሰው ጥቂት ብር›› እያለ ይጽፋል።

ክፉኛ የሚያመን በሪያድ፣ በዱባይ፣ በቤይሩት ሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን ነገር ነው። በረመዷን የአሠሪዎቻቸውን ኢፍጣርና ሰሑር አዘጋጅተው፣ ዕቃውን አጥበው፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው ስልካቸውን የሚያነሡት። በዚያ ሰዓት በኢሞ ላይ የእናት ፎቶ ያለበት መልእክት ይመጣል፦ ታምሜያለሁ፣ ስልኬ ተበላሽቶ በዚህ ነው የምጽፍልሽ፣ ገንዘቡን በዚህ ሰው በኩል ላኪ። አጣርቶ ለመደወል ሰዓቱ አይመችም፤ እናትም ተኝታለች። ሌባው ይህን ሁሉ ያውቃል። የሚጽፍበትን ሰዓት የመረጠውም ለዚሁ ነው።

በረመዷን ዘካ ላይ ሌላ ሰው መስሎ መስረቅ ከስልክ ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ሁረይራን (ረ.ዐ.) የረመዷንን ዘካ እንዲጠብቁ ሾሟቸው። ሌሊት አንድ ሰው መጥቶ ከእህሉ ያፍስ ጀመር። አቡ ሁረይራ ያዙትና ወደ መልእክተኛው እንደሚወስዱት ነገሩት። ሰውየው ችግረኛ መሆኑን፣ የሚያስተዳድራቸው ቤተሰቦች እንዳሉት፣ ጭንቅ ላይ መሆኑን ተናገረ፤ አቡ ሁረይራም አዝነው ለቀቁት። ጠዋት ነቢዩ ስለ እስረኛቸው ጠየቋቸው፤ የሆነውን ሲሰሙም ሰውየው እንደዋሸና እንደሚመለስ ነገሯቸው። በሁለተኛውም ሌሊት መጣ፣ በሁለተኛውም ያንኑ ልመና ለመነ፣ በሁለተኛውም ተለቀቀ። በሦስተኛው ሌሊት አልለቅም ሲባል፣ ሲተኙ ቢያነቡት ከሸይጣን የሚጠብቃቸውን ነገር ላስተምርዎ ብሎ አያተል ኩርሲን ነገራቸው። በማግሥቱ ነቢዩ የገለጹላቸው ሰውየው ውሸታም ሆኖ ሳለ በዚህኛው እውነቱን እንደተናገረ፣ ማንነቱም ሸይጣን እንደነበረ ነው።

ይህን ታሪክ በልጅነታችን የቀራነው ስለ አያተል ኩርሲ ደረጃ ነበር። ዘንድሮ ስናነበው ሌላ ነገር ታየን። አስመሳዩ የመረጠውን እንመልከት፦ ከወሮች ረመዷንን፣ ከገንዘብ የድሆችን ዘካ፣ ከመልክ ደግሞ የልጆች አባት የሆነ ችግረኛን። ጠባቂው በነቢዩ አንደበት ከተነገራቸው በኋላ እንኳ ለሁለተኛ ጊዜ አዘኑለት። ማዘናቸው ግን ጥፋት ተብሎ አልተወቀሰም። ከሁሉ የሚደንቀው የመጨረሻው ነው፤ አስመሳዩ የተናገረው ቃል እውነት ነበር። በእኒያ እናት ስልክ ላይ የነበረውም አንቀጽ የአላህ ቃል ነው፤ ፊደሉ አልጎደለም። ብዙ ምእመን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቃሉ እውነት ስለሆነ ላኪውም እውነተኛ ይመስለዋል።

አንዳንድ ወጣቶች ‹‹ሸኽ፣ ይኸ እኮ ሌብነት ነው፤ ለሳቅ ሌላ ሰው መምሰልስ ምን አለበት?›› ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በተለይ በዚህ ወር። የዐረብ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚፎካከሩት በረመዷን ምሽት ነው። ግብጻዊው ተዋናይ ራሜዝ ጀላል ከ2011 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ታዋቂ ሰዎችን እያታለለ የሚያስደነግጥበትን ዝግጅት በየረመዷኑ ያቀርባል። አንድ ዓመት በአንበሳ፣ አንድ ዓመት በሻርክ፣ በ2015 ደግሞ ሊወድቅ ነው በተባለ አውሮፕላን። እንግዳው ለቃለ መጠይቅ ወይም ለሥራ ተጋብዞ ይመጣል፤ ወጥመዱ ሲገባው ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል፤ ተመልካች ከኢፍጣር በኋላ ተምር በእጁ ይዞ ይስቃል። እንግዶቹ ቀድሞ ተነግሯቸው ነው፣ ተከፍሏቸው ነው የሚል ሐሜትም ዘወትር ይከተለዋል። ሐሜቱ እውነት ከሆነ የተታለለው እንግዳው ሳይሆን ሶፋው ላይ የተቀመጠው ነው ማለት ነው።

በኛም አገር በቲክቶክና በዩቲዩብ የዚህ ደቀ መዛሙርት ሞልተዋል። ፖሊስ መስሎ ባለሱቅ ያስደነግጣል፤ የጠፋ ዘመድ መስሎ ሽማግሌ ያስለቅሳል። በረመዷን የሚበዛው ደግሞ ድሃ መስሎ መለመን ነው። አንድ ጎልማሳ ቡትቶ ለብሶ መስጂድ በር ላይ ይቀመጣል፤ ካሜራው ከመኪና ውስጥ ነው። የሰጠውን ሰው ተነሥቶ ያቅፈዋል፣ አሥር እጥፍ ይመልስለታል። ያልሰጠው ግን ፊቱ ለመቶ ሺህ ሰው ይታያል። ኪሱ ውስጥ የመመለሻ ታክሲ ብቻ ይዞ ይሆናል፤ ጠዋት ለጎረቤቱ ሰጥቶ ይሆናል። ማን ይጠይቀዋል? እኛ በዚህ ዓይነቱ ቪዲዮ ደስ ብሎን አያውቅም፤ ‹‹መልካምነትን ማስተማሪያ ነው›› ቢባልም። ሰጪው ቀኝ እጁ የሰጠውን ከግራ እጁ ሊሰውር ሲገባ፣ ሳይጠየቅ በካሜራ ተይዟል።

በአቡ ዳውድ ሐዲስ ስብስብ አንድ አጭር ታሪክ አለ። ሶሓባዎች ከነቢዩ ጋር መንገድ ላይ ሳሉ ከመካከላቸው አንዱ ተኛ። ሌላው ቀስ ብሎ ሄዶ አብሮት የነበረውን ገመድ ወሰደበት። ሰውየው ሲነቃ ደነገጠ፤ ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም አልሆነም። ነቢዩ ግን ሙስሊም ሙስሊምን ማስደንገጡ እንደማይፈቀድ ተናገሩ። ገመድ ነው እንግዲህ፤ አንበሳ አይደለም፣ አውሮፕላን አይደለም። ሰዎችን ለማሳቅ ብሎ ለሚዋሽ ሰውም ብርቱ ማስጠንቀቂያ በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል።

ይህ ሲባል ሃይማኖታችን ጨዋታ ይጠላል ማለት አይደለም። ነቢዩ ይቀልዱ ነበር። ዛሂር የተባለውን የገጠር ሰው በገበያ ከኋላው መጥተው ሳያያቸው አቅፈውት፣ ማን እንደሆኑ ሲያውቅ ጀርባውን ከደረታቸው ላለማላቀቅ እንደተጠጋ ተዘግቧል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የተቀለደበት ሰው ነገሩ ሲገለጥለት ልቡ ከበፊቱ የበለጠ ሞላ። ትወናም ከማታለል የሚለየው በዚሁ መንገድ ይመስለናል። ሙስጠፋ አል-ዐቃድ በ1976 (በፈረንጆቹ) ባወጣው ‹‹አር-ሪሳላህ›› ፊልም አንቶኒ ኩዊን ሐምዛን ሆኖ ሲጫወት፣ ሐምዛ ነው ብሎ የተታለለ ተመልካች የለም። ተዋናዩም ተመልካቹም ያውቃሉ። የነቢዩ መልክና ድምፅ ደግሞ ጨርሶ አልተወከለም፤ የማይመሰል ማንነት እንዳለ ፊልም ሠሪውም ያውቅ ነበር። በትወና ላይ የዑለማው አቋም አንድ አይደለም፤ ያን ክርክር ዛሬ አንከፍተውም። አንደኛው ወገን ብቻ የሚያውቀው ‹‹ጨዋታ›› ግን ሌላ ምድብ ነው።

አንድ ጊዜ እኛው ኢትዮጵያውያን የእንዲህ ዓይነት ጨዋታ መሣሪያ ሆነን ነበር። በ1902 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1910፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ኩራት የነበረችውን ድሬድኖት የተባለች የጦር መርከብ ‹‹የአቢሲኒያ ልዑላን›› ሊጎበኙ መጡ። ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተላከ የሚመስል ቴሌግራም ቀድሟቸው ደርሶ ስለነበር ቀይ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ የክብር ዘብ ተሰለፈ። የኛ መዝሙር ስላልተገኘ ባንዱ የዛንዚባርን መዝሙር መታ። እንግዶቹ ግን የሎንዶን ወጣቶች ነበሩ፤ ፊታቸውን ጥቁር ተቀብተው፣ ሰው ሠራሽ ጢም ለጥፈው፣ ጥምጥም ጠምጥመው። ከመካከላቸው አንዷ በኋላ ስመ ጥር ደራሲ የሆነችው ቨርጂኒያ ዉልፍ ነበረች። ‹‹አማርኛ›› ብለው የተነጋገሩት የተሰባበረ ላቲንና ግሪክኛ ነው። በአስተርጓሚነት የቀረበው ወንድሟ መርከቧ ላይ መኮንን የነበረ የሥጋ ዘመድ ነበረው፤ ዘመዱም አላወቀው።

ምግብ ሲቀርብላቸው እንቢ አሉ። ሃይማኖታቸው በልዩ ሥርዓት ያልተዘጋጀ ምግብ እንዲነኩ እንደማይፈቅድላቸው ተነገረ። እውነተኛው ምክንያት ቢበሉ የተቀቡት ቀለምና የለጠፉት ጢም ሊለቅ ስለሚችል ነው። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ እንግሊዝ በባሕር ኃይሏ ሳቀች። ቀልዱ የታሰበው በባለሥልጣኖቹ ላይ ነው ይባላል፤ ልክ ነው። ነገር ግን የሠራው አበሻ ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሚናገር፣ በምን እንደሚጾም የሚያውቅ በመርከቧ ላይ ስላልነበረ ነው። በዚያን ጊዜ አጤ ምኒልክ በሕመም አልጋ ላይ ነበሩ። የሕዝብን መልክና የሃይማኖትን ሥርዓት እንደ ካፖርት አውልቆ መስቀል ይቻላል ብሎ ማሰብ፣ ለሳቅም ቢሆን፣ የሰው ገንዘብ መውሰድ ነው።

አሁን ደግሞ ጢም መለጠፍ አያስፈልግም። ከ2015 እስከ 2016 (በፈረንጆቹ) የፈረንሳይ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩትን ዣን ኢቭ ለ ድሪያንን የመሰሉ ሌቦች በስልክና በቪዲዮ ጥሪ ሀብታሞችን ሲያነጋግሩ ቆዩ። የሚኒስትሩን ፊት የሚመስል የሲሊኮን ጭንብል ለብሰው፣ ከኋላ የፈረንሳይን ባንዲራ ሰቅለው፣ ብርሃኑን አደብዝዘው ነበር። የሚጠይቁት ታግተው ላሉ ፈረንሳውያን ማስለቀቂያ የሚሆን በምስጢር የሚከፈል ገንዘብ ነው። ከ50 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ሰበሰቡ። ከተታለሉት አንዱ የእስማኢሊያዎች መሪ የነበሩት አጋ ኻን ናቸው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ዩሮ ልከዋል። በ2020 የፓሪስ ፍርድ ቤት በዋነኛው ተከሳሽ ላይ የ11 ዓመት እስራት ፈረደ። ያ እንግዲህ ጭንብል ነበር። በ2024 መጀመሪያ ላይ በሆንግ ኮንግ የአሩፕ ኩባንያ ሠራተኛ አለቃውና የሥራ ባልደረቦቹ የተገኙበት የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ያዘዙትን ገንዘብ በ15 ጊዜ አስተላለፈ፤ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ገደማ። በስብሰባው ላይ ከሱ በቀር ሰው አልነበረም፤ ሌሎቹ በኮምፒውተር የተሠሩ ምስሎችና ድምፆች ነበሩ።

ድምፅን አስመስሎ ለመሥራት ለማሽኑ የሚያስፈልገው ከድምፁ ባለቤት የተቀዳ ጥቂት ንግግር ነው። የኛ የኢማሞች ድምፅ ደግሞ የት ነው ያለው? በየጁምዓው ኹጥባ ይቀዳል፣ በየሌሊቱ ተራዊሕ ይቀዳል፣ በዩቲዩብ ይጫናል። ከማንም ሰው ይልቅ በቀላሉ ሊመሰሉ የሚችሉት ሚንበር ላይ የሚወጡት ናቸው። እኒያን እናት ያታለለው ሌባ ፎቶና ጽሑፍ ብቻ ነበረው። የሚመጣው ሌባ በኛው ድምፅ፣ በኛው የሳል አመል ሳይቀር፣ ‹‹እማማ እንዴት ዋሉ›› ሊላቸው ይችላል።

ተስፋ የሚያስቆርጥ ይመስላል፤ ግን እኛ በተማርንበት ትምህርት ይህ ፈተና አዲስ አይደለም። የሐዲስ ሰዎች ሥራቸው ከሺህ ዓመት በላይ ይኸው ነበር፦ ይህ ቃል የማን ነው? ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን ሰማ? ተገናኝተዋል ወይ? በስምና በአባት ስም የሚመሳሰሉ ሰዎችን ለይቶ የሚያሳውቅ ራሱን የቻለ የዕውቀት ዘርፍ አለ፤ አል-ኸጢብ አል-በግዳዲ በሱ ላይ መጽሐፍ ጽፈዋል። ‹‹ተድሊስ›› የሚባለውም ነውር አለ፤ ዘጋቢው ደካማ የሆነ መምህሩን ሰው በማያውቀው ቅጽል ስም ጠርቶ ታማኝ ማስመሰል። አንዲት ፊደል ደግሞ ስም ከመክፈት በምን ይለያል?

በዚህ ላይ ደረሶች የሚወዱት አንድ ታሪክ አለ። ኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበልና የሕያ ኢብኑ መዒን በበግዳድ አንድ መስጂድ ሶላት ሰግደው ሲቀመጡ፣ አንድ ተራኪ ተነሥቶ ‹‹አሕመድ ኢብኑ ሐንበልና የሕያ ኢብኑ መዒን ነግረውናል›› ብሎ ገጽ ሙሉ የፈጠራ ሐዲስ ይዘረግፋል። ሕዝቡ ይሰማል፣ ገንዘብ ይሰጣል። ሁለቱ ሊቃውንት እርስ በርስ ይተያያሉ። በኋላ ጠርተው እኛ እኮ ነን ሲሉት፣ በዓለም ላይ ከናንተ ሌላ በዚህ ስም የሚጠራ የለም ወይ ብሎ ዘለፋቸውና ሄደ ይባላል። ታሪኩን ስናስተምር ግን የሚቀጥለውን አንደብቅም፤ አዝ-ዘሀቢ የዚህን ታሪክ ዘገባ ራሱን አልተቀበሉትም። ስለ አስመሳይ የሚነገረውም ታሪክ ማነው የነገረህ ተብሎ ይጠየቃል። ሙያው ይህን ያህል ጥብቅ ነው።

እውነቱን ከተናገርን፣ እንዲህ ያለ ሙያ ወርሰን የመስጂዳችንን ገንዘብ ያለ ምንም ሰነድ ስንሰበስብ የኖርነው እኛ ነን። ‹‹ለየቲም››፣ ‹‹ለጣሪያ››፣ ‹‹ለታመመ ወንድም›› ብለን ሚንበር ላይ እንናገራለን፤ ጨርቅ ይዘረጋል፤ ብር ይወድቃል። ስንት እንደተሰበሰበ፣ ለማን እንደደረሰ የሚጠይቅ ሰው ሲነሣ ፊታችን ይጠቁራል። አንዳንዴ ቁጥሩ የገንዘብ ያዡ የግል ስልክ ይሆናል፤ ሌላ ጊዜ የወንድሙ። ያ ልጅ የማያውቀውን ስም አይቶ ‹‹ገንዘብ ያዡ ይሆናል›› ያለው ከየት አምጥቶ ነው? ከኛው ነው የተማረው። መጠየቅን እንደ ኢማን ጉድለት ስንቆጥር ለሌባው በሩን የከፈትነው እኛ ነን። በሱረቱል ሑጁራት ፋሲቅ ወሬ ይዞ ሲመጣ አጣሩ ተብለን የታዘዝነው እኛ፣ ‹‹ለኸይር ነው፣ አትጠይቁ›› እያልን ስናስለምድ ኖርን።

ለፖሊስ አመልክተናል። ሌላ ሰው መስሎ አታሎ ገንዘብ መውሰድ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ያስቀጣል፤ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ በኮምፒውተር የሚፈጸም ማታለልና የማንነት ስርቆት ለየብቻ ተደንግገዋል። የተታለለ ሰው መልእክቱን ሳያጠፋ፣ የላከበትን ደረሰኝ ይዞ ወዲያው ቢያመለክት ይጠቀማል። ብዙዎች ግን ሞኝ እንዳይባሉ ይደብቃሉ። ያላመለከተ ሰው ዝምታ ለሚቀጥለው ተታላይ ይተርፋል።

ጉዳቱ በተላከው ብርም አያበቃም። ከዚያ ሳምንት በኋላ አንድ የማናውቀው ወጣት ከኢፍጣር በፊት መጥቶ እናቱ እጥበት ላይ መሆኗን ነገረን፤ የሐኪም ወረቀት ይዟል። ከጀመዓው አንዱ ወረቀቱን ለብርሃን አንሥቶ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና ‹‹ይህም በኮምፒውተር ይሠራል›› አለ። ልጁ ወረቀቱን ተቀብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ አልተቆጣም። ‹‹እውነትዎን ነው አባባ›› ብሎ ወጣ። ተከትለነው ብንወጣም አልደረስንበትም። እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ አናውቅም። ሌባው 2,000 ብር ሲወስድ ይህን ልጅም አብሮ እንደዘረፈው አያውቅም።

የእኒያ እናት ፊጥራስ ምን ይሆናል? ብዙዎች ስለጠየቁን እዚህ ላይ እንመልስ። ሰደቃውን ሳያውቅ ለሌባ፣ ለዝሙተኛ፣ ለሀብታም የሰጠ ሰው ሰደቃው እንደተቀበለለት በቡኻሪና ሙስሊም ተዘግቧል፤ የኒያው ምንዳ ከአላህ ዘንድ አይጠፋም። በግዴታው ዘካ ላይ ግን መዝሀቦቹ ይለያያሉ። አጣርቶ ለድሃ መስሎት ሰጥቶ ተቀባዩ ሀብታም ሆኖ ቢገኝ ሐነፊዎች ይበቃዋል ይላሉ፤ በሻፊዒዎች ዘንድ ጠንካራው አቋም ይደግማል የሚል ነው። የኒያ እናት ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይለያል። እሳቸው ለድሃ አልሰጡም፤ ለድሃ ያደርስልኛል ላሉት ወኪል ነው የሰጡት፣ ያውም ወኪል ላልሆነ ሰው። ገንዘቡ ከድሃ እጅ ስላልገባ ፊጥራው ገና አልወጣም፤ ከዒድ ሶላት በፊት ጊዜ አላቸው። የሚወጣው ግን ለዒዱ ቀንና ሌሊት ከሚበቃው ምግብ የተረፈ ላለው ነው። የተረፈ ከሌላቸው ግዴታ የለባቸውም፤ እንዲያውም ተቀባይ ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህን ስንነግራቸው የመጨረሻውን አልወደዱትም። የመስጂዱ ወጣቶች ተሰብስበው ሊከፍሉላቸው ፈልገው ነበር፤ ‹‹እኔ ተቀባይ የሆንሁት መቼ ነው?›› ብለው መለሷቸው። በሃያ አራተኛው ቀን ማታ ስልካችን ጮኸ።

‹‹ሸኽዬ፣ እርስዎ ነዎት?››

‹‹እኛ ነን፣ እማማ።››

‹‹ድምፅዎን እሱ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ? ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ምን ሰጠሁዎት?››

‹‹ሁለት ሎሚ፤ አንዱ የተጨመቀ።››

ዝም አሉ። ከዚያ ለልጅ ልጃቸው ‹‹እሳቸው ናቸው›› ሲሉ ሰማን። በማግሥቱ ስንዴውን በኩንታል ጆንያ ግማሽ ያህል አስሞልተው፣ ልጁን አሸክመው ራሳቸው ይዘውት መጡ። ደረሰኝ ስንጽፍላቸውም ቆመው ጠበቁ።